ከሠፈር ጎዳና እስከ ቢጫ ማሊያ፦ የሴት ብስክሌተኛ የሥራ ዘመን እንዴት ይገነባል

ይህ መመሪያ በጎዳና ላይ ብስክሌት ውድድር እስከ ላይኛው ደረጃ መድረስ ለምትፈልግ ልጅ፣ ለአሠልጣኟና ለቤተሰቧ የተዘጋጀ ነው። እንደ ምሳሌ የያዝናት ሆላንዳዊቷን አኔሚክ ቫን ቭሉተንን ነው። ዘግይታ ጀምራለች፣ አጥንቷ ተሰብሮ ደጋግማ ተመልሳለች፣ ትልልቅ ድሎቿንም አብዛኞቹን ያገኘችው 30 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ስለዚህ የእሷን መንገድ ላየ ሰው ምን መቼ እንደሚገነባ በግልጽ ይታየዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምን መቼ ይገነባል

ቫን ቭሉተን የተወለደችው በ1982 ነው። መጀመሪያ የምትጫወተው እግር ኳስ ነበር፤ ጉልበቷ ሲጎዳ ወደ ብስክሌት ዞረች፤ ውድድርን የሙጥኝ ብላ የያዘችውም የሃያዎቹን ዕድሜ አጋምሳ ነው። ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ በኤፒዲሚዮሎጂ ማስተርስ ዲግሪ አላት። የመጀመሪያው ትልቅ ድሏ በቤልጂየም የሚካሄደው የ2011 የፍላንደርስ ዙር ነበር። በክሮኖሜትር፣ ማለትም እያንዳንዷ ለብቻዋ በሰዓት በምትለካበት ውድድር፣ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በ2017 እና በ2018 ነው። በጎዳና የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በ2019 እና በ2022፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክን የክሮኖሜትር ወርቅ የወሰደችው በ2021 ነው። የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ በ2022 በአዲስ መልክ ሲጀመር የአጠቃላይ ውጤት መሪዋ የምትለብሰውን ቢጫ ማሊያ ለብሳ የጨረሰችው በ39 ዓመቷ ነበር።

እንግዲህ በ17 ዓመትሽ ያላሸነፍሽው ውድድር ምንም በር አልዘጋብሽም። በዚያ ዕድሜ ምግብ በማጉደል የሳሳ አጥንት ግን ዕድሜ ልክ ይከተልሻል። የብዙ ጎበዝ ልጆች መንገድ አጭር የሚሆነው የመጨረሻውን ነገር መጀመሪያ ስለሚሠሩ ነው፤ ትንፋሽ ሳይገነባ ፍጥነት፣ ጉልበት ሳይጠነክር ክብደት መቀነስ፣ በቡድን መሃል መጋለብ ሳይለመድ ትልቅ ውድድር።

በሳምንት የሚጋለበው ሰዓት በግምት እንዲህ ይደግ፦ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፤ ከ17 እስከ 18 ዓመት ከ10 እስከ 14 ሰዓት፤ ከ19 እስከ 22 ዓመት ከ14 እስከ 18 ሰዓት። ከዚያ በኋላ 20 እና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሰውነቷ ለተሸከመላት ነው። ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ አትጨምሪ። በወር አንድ ሳምንት ደግሞ ሰዓቱን በ40 በመቶ ገደማ ቀንሺ፤ ሰውነት የሚጠነክረው በዕረፍቱ ጊዜ ነውና።

ብስክሌቱን ለራስሽ መለካት

ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ የምታገኘው ለወንድ የተለካ ብስክሌት ነው። ጀርባዬን አመመኝ፣ ጉልበቴን ወጋኝ የሚለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል፤ በሜትርና በአንድ የአለን ቁልፍ የሚስተካከል ነገር ነው።

ከኮርቻው ከፍታ ጀምሪ። ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፤ ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ በሁለቱ እግሮችሽ መሃል እስከ ላይ አጥብቀሽ አስገቢ፤ ከመጽሐፉ ላይኛ ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን አስለኪ። የተገኘውን በ0.883 አባዢ። ልኩ 76 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 67.1 ይመጣል፤ ይህ ከፔዳሉ መዘውር መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩ መነሻ ብቻ ስለሆነ የቀረውን ሰውነትሽ ይነግርሻል። ጉልበትሽን ከፊት በኩል ካመመሽ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም በጣም ወደፊት ቀርቧል። ከጉልበትሽ ኋላ ካመመሽ፣ ወይም ከኋላሽ የሚከተልሽ ሰው ዳሌሽ ወዲያና ወዲህ ሲናጥ ካየ ከፍ ብሏል። ስታስተካክዪ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀይሪና ሦስት ቀን ጋልቢበት፤ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከቀየርሽ የትኛው እንደረዳሽ አታውቂም።

የፔዳሉን ክንድ ርዝመት ክንዱ ላይ ተቀርጾ ታገኚዋለሽ። 172.5 ሚሊ ሜትር ከሆነና ቁመትሽ አጠር ያለ ከሆነ 165 ፈልጊ። ረጅሙ ክንድ ጉልበትሽን ከላይ ሲደርስ አለመጠን ያጥፈዋል፤ ዳሌሽንም ይቆልፈዋል። የመሪው ስፋት ከትከሻሽ ስፋት ጋር ይመጣጠን። ነገር ግን የዓለም ብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ከ2026 ጀምሮ በጎዳና ውድድር መሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ በውጭ ሲለካ ከ40 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ደንግጓል። በትንንሽ ሴቶች ላይ የሚከብድ ደንብ ነው ብለን እናምናለን፤ ቢሆንም በመነሻው መስመር ላይ ከመባረር አስቀድሞ መለካት ይሻላል። ብስክሌቱም ከ6.8 ኪሎ ግራም ማነስ አይፈቀድለትም። ፍሬን መያዣው ለእጅሽ ከራቀ ደግሞ በውስጡ ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን በማዞር ወደ ጣትሽ ታቀርቢዋለሽ። ፍሬኑን በአንድ ወይም በሁለት ጣት መሳብ የማትችል ልጅ ቁልቁለት ላይ መፍራቷ አያስደንቅም።

ስለ ኮርቻ ቁስል በግልጽ እንነጋገር፤ ሴቶች ልጆች አፍረው ስለሚደብቁት ብዙ የሥልጠና ሳምንታት ይበላሻሉና። በብስክሌት ቁምጣ ሥር የውስጥ ሱሪ አይለበስም፤ ስፌቱ ቆዳውን ይልጠዋል። ግልቢያው እንዳለቀ ቁምጣውን አውልቀሽ ታጠቢ፤ ቁምጣውም በየቀኑ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። የኮርቻውን አፍንጫ ደልዳላ አድርጊው፤ ፊት ለፊት የሚጫንሽ ከሆነ እስከ 3 ዲግሪ ወደታች አዘንብዪው። ስትቀመጪ የሚሰማሽ የመቀመጫ አጥንቶችሽ ከኮርቻው ጠርዝ ውጪ ከዋሉ ኮርቻው ጠቦሻል፤ ለስላሳ ስፖንጅ ቢደረብበትም አይድንም።

ለጎማ አየር በየመንደሩ የሚሰጠው ምክር «እስኪደርቅ ሙላው» ነው። ስህተት ነው። 52 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከፊት 5.3 ባር የአየር ግፊት፣ ከኋላ 5.6 ባር ይበቃታል፤ ባለ 28 ከሆነ ወደ 4.5 ዝቅ ይላል። የደረቀ ጎማ ኮረት ላይ ይዘላል፤ አስፋልቱ ሲረጥብም ይንሸራተታል። ሰንሰለቱን ደግሞ በማስመሪያ ፈትሺ፦ 12 ሙሉ ዓይኖች አዲስ ሲሆኑ 30.48 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ 30.63 ከደረሱ ቀይሪው። ካለፈ የኋላውን ጥርስ ይበላና ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ዳገት ላይ ራስን መመዘን

የጉልበት መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው። ያለ እሱም መመዘን ይቻላል። ወጥ የሆነ፣ ከ6 እስከ 8 በመቶ የሚያዘነብል ዳገት ምረጪ። 20 ደቂቃ ሙሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል ኃይል ውጪ። የወጣሽውን ከፍታ በሜትር ከካርታ ላይ አንብቢ፤ የስልክ ከፍታ መለኪያ በአየር ጠባይ ይዛባል። ለምሳሌ በ20 ደቂቃ 320 ሜትር ከወጣሽ በሰዓት 960 ሜትር ነው። አሁን የዳገቱን ዝንባሌ በ10 አባዢና 200 ጨምሪበት፤ 7 በመቶ ከሆነ 270 ይመጣል። 960 ለ270 ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሰውነትሽ ኪሎ 3.56 ዋት (ዋት የኃይል መለኪያ ነው) ግድም ነው። ለአንድ ሰዓት የምትችዪው የዚህ 95 በመቶ፣ ማለትም 3.4 አካባቢ ይሆናል።

ይህ ቁጥር አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ከተመዘገበ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይሻሻላል። 2,400 ሜትር ላይ የለመደ ሰውነትም ቢሆን ወደ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ 3.4 ያለችው ልጅ ባሕር ጠለል አካባቢ ወደ 3.75 ትጠጋለች። በዓለም ላይ ምርጦቹ ዳገት ወጪ ሴቶች ከ5 በላይ ናቸው። ፈተናውን በየ6 ሳምንቱ፣ በዚያው ዳገት፣ ነፋስ በሌለበት በማለዳ ድገሚው። በ10 ደቂቃው ትንፋሽ ካጠረሽ አነሳስሽ በጣም ፈጣን ነበርና ውጤቱን አትመዝግቢው።

ለ17 ዓመት ልጅ የሚስማማ የ12 ሰዓት ገደማ ሳምንት እንዲህ ነው። ሰኞ ዕረፍት። ማክሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል፤ በውስጡ አራት ጊዜ ስምንት ስምንት ደቂቃ በፈተናው ፍጥነት ዳገት መውጣት፣ በመሃሉ አራት ደቂቃ ቀስ ብሎ መመለስ። ረቡዕ ሁለት ሰዓት በዝግታ። ሐሙስ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያነሰ፤ 40 ሴኮንድ በኃይል፣ 20 ሴኮንድ በዝግታ እያፈራረቁ አሥር ጊዜ፣ አሥር ደቂቃ አርፎ መድገም። ዓርብ አንድ ሰዓት በጣም በዝግታ፣ ከዚያም በክብደት የሚሠራ የጡንቻ ማጠንከሪያ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል። እሑድ በቡድን ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ውድድር። «በዝግታ» ስንል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር የሚቻልበት ፍጥነት ማለታችን ነው። ብዙ ልጆች የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው፤ የዝግታው ቀን ከወንዶቹ ጋር እሽቅድምድም ይሆንና ማክሰኞ ዳገቱ ላይ የሚቀር ጉልበት አይኖርም። ቫን ቭሉተን ከወንዶች ቡድን ጋር በሥልጠና ካምፕ ስትጋልብ የታወቀች ናት፤ እዚያ የደረሰችው ግን ዓመታት የፈጀ መሠረት ይዛ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ለእኛ ይገለበጣል። የአውሮፓ ጋላቢዎች ደማቸውን ለማጠንከር ወደ ከፍታ ይወጣሉ፤ እሷም ጣሊያን ውስጥ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ሊቪኞ ብዙ ሠልጥናለች። ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ከፍታውን አግኝቷል፤ የሚጎድለው ሜዳ ላይ በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጋለብ ነው። ቀጭን አየር ውስጥ ጡንቻ ያንን ኃይል ለረጅም ጊዜ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ በየወሩ ለጥቂት ቀናት ወደ አዳማ፣ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ወርዶ ሜዳ ላይ በፍጥነት መሥራት ተገቢ ነው።

በመንጋው መሃል

በ2022ቱ ቱር ደ ፍራንስ 144 ሴቶች አብረው ተነስተዋል። ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ጎበዝ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚቀሩት ዳገት ላይ አይደለም፤ ወደ ዳገቱ በሚያደርሰው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ከ100 ሰው በኋላ ሆና ዳገት የምትጀምር ልጅ የፈለገውን ያህል ብትጠነክር ከፊት ያሉትን ለመያዝ ብቻ ጉልበቷን ትጨርሳለች።

ከፊትሽ ያለችውን ጎማ ተጠግቶ መጋለብ እንደ ነፋሱና እንደ ፍጥነቱ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ያድንልሻል። ልምምዱን ከሣር ሜዳ ጀምሪ፦ ከጓደኛሽ ጋር ጎን ለጎን ቀስ ብላችሁ እየጋለባችሁ በትከሻ ተነካኩ፣ በክርን ተገፋፉ፣ መሬት ላይ የቆመ የውኃ ጠርሙስ ጎንበስ ብላችሁ አንሱ። ሣር ላይ መውደቅ አይጎዳም፤ መነካካት አያስፈራኝም ማለት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ቀጥሎ አስፋልት ላይ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ከዚያ በ50 ሴንቲ ሜትር፣ በመጨረሻ በ30። ዓይንሽ ከፊትሽ ባለው ጎማ ላይ አይተከል፤ በጋላቢዋ ትከሻ በኩል አሻግረሽ ተመልከቺ። የፊት ጎማሽን ከሰው የኋላ ጎማ ጎን አታደርድሪ። ያቺ ልጅ በድንገት ወደ አንቺ ብትዞር የምትወድቂው አንቺ ነሽ፣ እሷ ምንም አትሆንም።

የጎን ነፋስ ሲነሳ ጋላቢዎች በሰያፍ ይደረደራሉ። ነፋሱ ከቀኝ ከመጣ ከፊት የምትመራዋ ጋላቢ የመንገዱን ቀኝ ትይዛለች፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ካለችው በስተግራ ትንሽ ወደኋላ ይሆናሉ። መንገዱ የሚይዘው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ የተረፈው ጠርዝ ላይ በነፋስ ይገረፋል። ከመጀመሪያው ሰልፍ ከቀረሽ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥለሽ አትቅሪ። እጅሽን ዘርግተሽ ከኋላሽ ያሉትን ጥሪና ሁለተኛ ሰልፍ ሥሩ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ መታጠፊያው ውስጥ ፍሬኑ ይለቀቃል። የውጭኛው ፔዳል ወደታች ወርዶ ክብደትሽ እሱ ላይ ይረፍ፣ እጅሽ የታችኛውን መሪ ይያዝ፣ ዓይንሽ መውጫውን ይመልከት። ቫን ቭሉተን በሪዮ 2016 ኦሊምፒክ ብቻዋን እየመራች ሳለ በቪስታ ቺኔሳ ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ወድቃ ራሷን ስታ፣ የወገብ አከርካሪዋ ሦስት ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ወርቁን የአገሯ ልጅ አና ቫን ደር ብሬገን ወሰደች። ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ ጭንቅላት የተመታ ጋላቢ ምንም ቢሰማው በዚያው ቀን ወደ ብስክሌቱ አይመለስም። መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት ፈጽሞ እስኪጠፉ ድረስ ሐኪም ሳይፈቅድ ሥልጠና የለም።

ምግብ፣ ደምና አጥንት

በሴቶች ብስክሌት ውስጥ ብዙ የሥራ ዘመን ያሳጠረው «ቀለል በይ» የሚለው ምክር ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 52 ኪሎ የምትመዝን፣ ከስብ ውጪ ያለው ክብደቷ 42 ኪሎ የሆነ ልጅ ሰውነቷ በጤና እንዲሠራ ለእያንዳንዱ ኪሎ 45 ካሎሪ ያስፈልጋታል፤ ይህ 1,890 ነው። በዚያ ላይ አራት ሰዓት ከጋለበች ወደ 1,900 ካሎሪ አቃጥላለች። ስለዚህ በዚያ ቀን ወደ 3,800 መብላት አለባት። አንድ ሰሃን ምግብ ቀንሳ 3,000 ብትበላ ለሰውነቷ የሚቀረው በኪሎ 26 ነው። ከ30 በታች ለሳምንታት ሲቆይ ሰውነት ወጪ ይቆጥባል፦ የወር አበባ ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ቁስል አይድንም፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ በመጨረሻም ዳገቱ ላይ ጉልበት ይጠፋል።

የወር አበባሽ በተከታታይ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። «ስፖርተኛ ስለሆንሽ ነው፣ ጥሩ ነው» የሚልሽን አሠልጣኝ አትስሚ፤ ጥሩ አይደለም። አሠልጣኝ ወንድ ከሆነና ልጅቷ ለመናገር ካፈረች በክለቡ ውስጥ የምታነጋግራት አንዲት ሴት አስቀድማ ትሰየም።

ብስክሌት እንደ ሩጫ እግርን መሬት ላይ ስለማያስመታ አጥንትን አያጠነክርም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ክብደት ተሸክሞ መቀመጥና መነሳት ሦስት ዙር ስድስት ስድስት ጊዜ፣ ከመሬት ክብደት ማንሳት እንዲሁ፣ ባለሽበት መዝለል ሦስት ዙር አሥር አሥር ጊዜ ይሠራ። በየጊዜው የምትወድቂበት ስፖርት ነውና ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ውድድር ላይ በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መነሻ ነው፤ ሆድሽን በየሳምንቱ 10 ግራም እየጨመርሽ ካለማመድሽው እስከ 90 ይደርሳል። ከውጭ የሚመጣው የስፖርት መጠጥ ግድ አይደለም። በአንድ ሊትር ውኃ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ 60 ግራም ይሰጥሻል። ትልቁን የብስክሌት ጠርሙስ በአንድ ሰዓት ከጨረስሽና አንድ ሙዝ ከበላሽ ሞላ ማለት ነው። መብላት የሚጀመረው ከተነሱ 20 ደቂቃ በኋላ ነው። ሲርብሽ ብቻ ከበላሽ ዘግይተሻል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እግርሽ ባዶ ሲሆንብሽ ምክንያቱ እሱ ነው። ከውድድሩ ሦስት ሰዓት በፊት ሩዝ፣ ማካሮኒ ወይም ዳቦ በማር ይበላ። እንጀራ በወጥ፣ ቆሎና ጥራጥሬ ለሥልጠና ቀን መልካም ናቸው፤ ገለባቸው ስለሚበዛ በውድድር ጠዋት ሆድ ያስጨንቃሉ።

ጾም ለምትጾም ልጅ ሁለት ነገር እንንገራት። ሰዓት በምትቆዪባቸው ቀናት ጠዋት የዝግታው ግልቢያ ብቻ ይሁን፤ ከባዱን ሥራ ከተመገብሽ በኋላ አምጪው። ቅዳሜና እሑድ እስከ ሰዓት ከመብል ስለማይቆይ ረጅሙ ግልቢያ እዚያ ላይ ይውደቅ። ለውድድር ሰሞን ደግሞ የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ አማክሪ። ፕሮቲን በቀን በየኪሎው 1.6 ግራም፣ ለ52 ኪሎ ወደ 83 ግራም ያስፈልጋል፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ያህል ይሰጣል፣ የቀረውን ሽሮ፣ ለውዝ፣ አኩሪ አተርና ሱፍ ይሞሉታል። ብረት በደም ውስጥ መኖሩን በፌሪቲን ምርመራ በየአራት ወሩ እዪ፤ ከ30 በታች ከወረደ ሐኪም ይወስን እንጂ እንክብል ዝም ብለሽ አትዋጪ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያስቀሩታል፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። በምስሩ ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ ይገባል።

የውድድሩ ቀን

ከመሪው አጠገብ አንዲት የፕላስተር ቁራጭ ለጥፊና ዳገቶቹ የሚጀምሩበትን ኪሎ ሜትር፣ ምግብ የሚሰጥበትን ቦታ፣ መንገዱ ወደ ነፋሱ የሚዞርበትን ጻፊ። ከእያንዳንዱ ዳገት ሦስት ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ከፊተኞቹ ሃያ ውስጥ መሆን የመጀመሪያው ሥራሽ ነው።

ከዚያ ቁጠሪ። ስንት ሰው ከመንጋው ወደፊት አመለጠ? ስንቱ ተያዘ? የቶኪዮ ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር ይህን ለዘላለም የሚያስተምር ነው። ኦስትሪያዊቷ አና ኪዘንሆፈር ገና ሲጀመር ካመለጡት መካከል ነበረች፤ ሌሎቹ ሲያዙ እሷ ፊት ለብቻዋ ቀረች። በኦሊምፒክ የጆሮ ሬዲዮ አይፈቀድም፤ ቫን ቭሉተን ያሸነፈች መስሏት መጨረሻው መስመር ላይ እጇን ዘርግታ ደስታዋን ስትገልጽ ኪዘንሆፈር ከ75 ሴኮንድ በፊት ገብታ ነበር። ያን ሁሉ ኃይል የያዘው የሆላንድ ቡድን የጎደለው አንዲት ቁጥር ነው። ሬዲዮ በማይኖርበት ውድድር ካመለጡት ውስጥ ማን ማን እንዳለ የመቁጠር ኃላፊነት ለአንዲት የቡድን ጓደኛ በስም ይሰጥ፤ የጊዜ ልዩነቱን በሰሌዳ የሚያሳየውን ሞተረኛ የምትጠጋውም እሷ ትሁን።

ለብቻ ማምለጥ የሚሠራው መቼ ነው? ቫን ቭሉተን እንግሊዝ ውስጥ ዮርክሻየር ላይ በተደረገው የ2019 የዓለም ሻምፒዮና ከ149 ኪሎ ሜትሩ 105 ሲቀር ሎፍትሃውስ ዳገት ላይ ለብቻዋ ሄዳ አሸንፋለች። ድፍረት ብቻ እንዳይመስልሽ። ዳገት ላይ ተጠግቶ መጋለብ ብዙም አያተርፍም፤ በዚያ ላይ ከኋላ ከሚያሳድዱት መሃል የራሷ ቡድን ልጆች ስለነበሩ እነሱ አይጎትቱም፤ ለብቻ ረጅም መጋለቡንም በክሮኖሜትር ለዓመታት ሠርታበታለች። ሦስቱ ካልተሟሉ ሜዳ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ሲቀር መሄድ ጉልበት ማባከን ነው።

በቱር ደ ፍራንስ 2022 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሆድ ሕመም ተሰቃይታ ነበር። አልታበየችም፤ በልታ፣ ተደብቃ፣ የጠፋውን ጊዜ ትንሽ አድርጋ ቆየች። በሰባተኛው ቀን ወደ ለ ማርክስታይን ሲወጣ ፔቲ ባሎን በተባለው ዳገት ላይ አምልጣ ተቀናቃኟን ዴሚ ፎለሪንግን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመቻት። ስምንተኛው ቀን ብስክሌቷ ተበላሽቶባት ደጋግማ ቀይራለች፤ ያም ሆኖ አሸነፈች። የስምንት ቀን ውድድርን በመጥፎ ቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ በማጣትም ማሸነፍ ይቻላል።

ወደ ቡድን መግባት

መሰላሉ ክለብ፣ ክልል፣ በፌዴሬሽኑ በኩል ብሔራዊ ሻምፒዮና፣ ከዚያ የአፍሪካ ሻምፒዮና ነው፤ ይህ ውድድር በ2019 ባሕር ዳር ላይ ተካሂዷል። ዩሲአይ ስዊዘርላንድ ኤግል ከተማ ውስጥ በ2002 የከፈተው ማዕከል ቡድን ከሌላቸው አገሮች ልጆችን ይቀበላል። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም የተሰለፈችው ኢየሩ ገብሩም በዚያ ማዕከል አልፋለች። ተስፋ የሚሰጥ ሌላም አለ፤ የሞሪሺየሷ ኪም ለ ኩር የጎዳናውን ውድድር ትታ በተራራ ብስክሌት ቆይታ በ2024 ተመለሰች፤ በ2025 የቤልጂየሙን ትልቅ ውድድር ሊየዥ–ባስቶኝ–ሊየዥን አሸነፈች፣ የቱር ደ ፍራንስን ቢጫ ማሊያም ለበሰች። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተደረገ። የአዋቂ ሴቶቹ መንገድ 164.6 ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላ ዳገቱ 3,350 ሜትር ነበር፤ ከ23 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችም የራሳቸውን ውድድር ያገኙት ያኔ ነው።

ለቡድን የምትልኪው ማመልከቻ አንድ ገጽ ይሁን፦ የትውልድ ዓመት፣ ቁመትና ክብደት፣ የዩሲአይ ቁጥር፣ የሁለት ዓመት ውጤት ከተወዳዳሪዎቹ ብዛት ጋር፣ የዳገት ፈተናሽ ከቦታውና ከከፍታው ጋር። የተጋነነ ቁጥር በመጀመሪያው ካምፕ ይጋለጣል። የሚላከው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው፤ ቡድኖች ለቀጣዩ ዓመት የሚፈርሙት ያን ጊዜ ነውና።

ውሉ ሲመጣ ደረጃውን ጠይቂ። የሴቶች ወርልድ ቱር፣ ማለትም የዓለም ላይኛው ደረጃ የውድድሮች ሰንሰለት፣ በ2016 ተጀመረ፤ ከ2020 ጀምሮ የላይኛው ደረጃ ቡድኖች ዝቅተኛ ደመወዝ የመክፈል ግዴታ አለባቸው፤ የወሊድ ፈቃድም ሦስት ወር በሙሉ፣ አምስት ወር በግማሽ ደመወዝ ይሰጣሉ። ከዚህ በታች ባሉ ደረጃዎች ግን ያለ ደመወዝ የሚያስጋልቡ አሉ። ከመፈረምሽ በፊት ወርኃዊ ክፍያው፣ መኖሪያው፣ የሕክምና ዋስትናው፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ማን እንደሚከፍል፣ ብስክሌቱ በዓመቱ መጨረሻ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር። በማታነቢው ቋንቋ የተጻፈ ውል አትፈርሚ፤ ቅጂው ቤተሰብሽ ዘንድ ይቀመጥ። ቡድን አስገባሻለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ወኪል ካጋጠመሽ አትክፈዪ። የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ያቆያል፤ ውድድሩ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ቡድኑ የረጅም ጊዜ ቪዛ የሚያወጣበትን ደብዳቤ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ይስጥሽ።

በመጨረሻም መድኃኒት። የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ዝርዝር ውስጥ ከገባሽ የምታድሪበትንና በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የምትገኚበትን ቦታ ታስመዘግቢያለሽ፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካጎደልሽ ምንም ሳትወስጂ ትቀጪያለሽ። ቤተሰብ ጥየቃ ወደ ገጠር ስትሄጂ አድራሻውን ከመሳፈርሽ በፊት ቀይሪ። ለሕመም በየፋርማሲው የሚሰጠው ትራማዶል ከ2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ በሁሉም ስፖርት የተከለከለ ነው። ማንኛውንም እንክብል ከመዋጥሽ በፊት የንጥረ ነገሩን ስም ለቡድኑ ሐኪም ወይም ለአገሩ የፀረ-አበረታች መድኃኒት ባለሥልጣን አሳዪ፤ የመድኃኒቱን ካርቶንም ውድድሩ እስኪያልቅ አትጣዪው።